አማቴ ያላመሰገኑት ፈረስ

መመስገን የማይወድ ሰው አለ? ካለ አስተዋውቁኝና ሻይ ልጋብዘው። እኔ እወዳለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ነው የምነዳው። አንዲት ተሳፋሪ ስትወርድ «ታንክ ዩ» ካለችኝ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ፈገግ እንዳልኩ ነው። እና አማቴን ብወድ ይፈረድብኛል? ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ሲያመሰግኑኝ ነው የኖሩት።

አማቴ አባባ ጣለው ይባላሉ። የዳንግላ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖሩ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች አልበረክት ስላሉ፣ እናታቸው ሞት ንቆ እንዲያልፋቸው ብለው ነው አሉ ጣለው ያሏቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። እኔ ሳልይዛት ቀርቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

ባለፈው መከር ሊጠይቁን መጡና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የባለቤቴ ወንድም ቤት ዐረፉ። እዚህ አገር ያልሰደቡት ነገር የለም። ልጃቸው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የገዛውን ቤት «ጎተራ» አሉት። ልጃቸውን ራሱን «ገልቱ» ይሉታል። እኔ ስገባ ግን ፊታቸው ይፈካል። «እንዳንተ ያለ አማች ከየት ይገኛል? መልከ መልካም፣ ትሑት፣ ሠርቶ አዳሪ» ይሉኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባለቤቴ የሺ ይህን በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ ወጥ ቤት ትገባለች። ቅናት ይመስለኝ ነበር።

ወደ ፈረሱ ልምጣ። ሶልያና የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ባዮሎጂ ተምራ ተመረቀች፤ ነርስ ትሆናለች፣ ፋርማሲስት ትሆናለች ስንል ከሊስበርግ ወዲያ ማዶ የእሽቅድምድም ፈረስ የሚሠለጥንበት ቦታ ሥራ ያዘች። አንድ ቀን «ዳዲ፣ ስቲፕልቼዝ ልወዳደር ነው» አለችኝ። ስቲፕልቼዝ? የእኛ የሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል? እንዴት ያለ ደስታ እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። ደሟ ጠራት አልኩ። ፌርፋክስ ቤተ ክርስቲያን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ጥሩ የመሮጫ ጫማም ገዛሁላት። ልጄ ጫማውን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና «ዳዲ፣ የሚሮጠው እኮ ፈረሱ ነው» አለችኝ።

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ፈረሱ ሽምጥ እየጋለበ፣ ከቅርንጫፍ የታሰረ፣ ደረት የሚደርስ አጥር ይዘላል። ከላይ ሰው አለ። ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁት። ፈረስ ይወድቃል፣ ጋላቢ ይወድቃል፣ ከኋላ ከኋላ ደግሞ አምቡላንስ ይከተላቸዋል። ገና ሳይጀመር አምቡላንስ የሚዘጋጅለት ነገር ጨዋታ ነው እንዴ? ያን ቀን እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።

ፈረሱ ገና አራት ዓመቱ ነው። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ስሙ «ሌት ፎር ዲነር» ነው፤ ለእራት የዘገየ ማለት ነው። የእኛ ሰው ለፈረሱ ስም ሲያወጣ ስንት ያስባል፣ እነዚህ ደግሞ ለእራት የዘገየ። ባለቤቱ ካሮል የምትባል ሽማግሌ ሴት ናት። ይህ ፈረስ ተስፋ አለው ወይስ የለውም እያለች ታመነታለች። ከሌለው ትሸጠዋለች። ካለው በጸደይ ይወዳደራል፣ ጋላቢዋም የእኔ ልጅ ትሆናለች።

ተጨቃጨቅን። ተኳረፍን። በመጨረሻ ልጄ አንድ ሐሳብ አመጣች። «ኦኬ ዳዲ፣ አባባ ይየው። እሱ ስለ ፈረስ ያውቃል። አባባ ኖ ካለ አይ ኩዊት፣ እተወዋለሁ።»

«አለ አይባልም፣ አሉ በይ» አልኳት ቆጣ ብዬ። በሆዴ ግን ጮቤ ረገጥኩ። ጎተራ የሚባል ቤት እያለ ፈረሱ ሊተርፍ ነው? ፀሐይን እንኳ «ምኗ ፀሐይ ነው፣ አታሞቅም» ያሉ ሰውዬ እኮ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ልጄ አማቴን ይዘን ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ዞረን ሄድን። ካሮል በላስቲክ ቦቲዋ ወጥታ ተቀበለችን። መጀመሪያ የፈረሱን የዘር ሐረግ አስረዳችን፤ እኔ እያስተረጎምኩ። አባቱ እገሌ፣ የአባቱ አባት እገሌ፣ የእናቱ እናት አባት... አማቴ እጃቸውን አነሡና አስቆሟት። አንዱ ፈረስ በአባቱም በእናቱም በኩል መጥቷል። «ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ነው እንዴ የሚያጋቡ?» ብለው አማተቡ። ጥሩ ነው፣ አንድ ነጥብ ለእኔ አልኩ።

ከዚያ ፈረሱን ማየት ጀመሩ። እንዲህ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። ጥርሱን አዩ። ከመንጋጋው ሥር ጭብጣቸውን ከተቱ፤ ትንፋሹ የሚያልፍበት ሰፊ መሆኑን ሊያዩ ነው አለችኝ ልጄ። ሰኮናውን አንሥተው አሸተቱ። ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው ቆዩ። ወደ ኋላ ሄደው ቁልቁለት ሲወርድ አዩት። «በሉ ይዝለል» አሉ።

ሶልያና ወጣችበት። እኔ ዞርኩ። ኮሽ የሚል ድምፅ ስሰማ ነው ያየሁት፤ ፈረሱ የአጥሩን ጫፍ በእግሩ መትቶ ዘለቀ። «አሁንም ድገሙት» አሉ አማቴ። ሁለተኛ ሲመጣ ከአጥሩ ፊት ራሱ እርምጃውን አሳጠረ፣ እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰበና አለፈ፤ ቅጠልም አልነካ። ሦስተኛም እንደዚያው። ወርዶም ጆሮውን ወደ ልጄ አዙሮ ምን ትለኛለች እያለ ነበር። ይህን ሁሉ ያኔ አላስተዋልኩም፤ ኋላ ነው የነገሩኝ።

አማቴ እንትፍ አሉና፣ «ይኼ ምኑ ፈረስ ነው? አጋሰስ ነው። ደግሞ ፈሪ ነው። አንዴ ቢመታው ጊዜ ሁለተኛ ላይነካው ማለ። ፈሪ ለእናቱ» አሉ።

ለካሮል ተረጎምኩላት። እንዲያውም ከራሴም ጥቂት ጨመርኩበት። የካሮል ፊት ጥቁር አለ። ልጄ ግን ጠጋ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና ሴትዮዋ መልሳ ፈካች። ልታጽናናት ነው ብዬ አንጀቴን በላችኝ። ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ እኔ ግን ክላክስ እንኳ አላደረግኩም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ሰው በምን እናደዳለሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ የሺ እንዴት ሆነ አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። አጋሰስ አሉት ስላት መሳቅ ጀመረች። ፈሪ አሉት ስላት ቁጭ አለች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፣ «አባዬ ያመሰገኑት ፈረስ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ሸጋ ነው፣ አንደኛ ነው የሚሉት ለገዢ ነው። የሚሳሱለትን ዓይን እንዳይበላባቸው ሲሰድቡት ነው የሚውሉት። ሶሊ ስትወለድ ፎቶዋን አይተው ምን አሉ?»

አስታወስኩ። «ይቺን ጦጣ ከየት አመጣችኋት» ነበር ያሉት። ተቀይሜ ስንት ጊዜ ስልክ አልደወልኩላቸውም። ልጄ ከሶፋው ላይ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «አይ ኒው ኢት፣ ዳዲ፣ ገብቶኝ ነበር» አለች። ቃል ቃል ነው፤ አማቴ ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ይሁን ብለዋል፤ ልትጋልብ ነው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። «ቆይ ቆይ፣ እኔስ?» አልኳት የሺን።

የሺ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚህን አገር ክረምት በሁለት ጭንቅ አሳለፍኩት። አንዱ የልጄ ነው፤ ያ ፈረስ ይጥላት ይሆን እያልኩ። ሌላው የራሴ ነው። አማቴ «መልከ መልካም» ባሉኝ ቁጥር ገበያ የምወጣበት ቅዳሜ የደረሰ ይመስለኛል። ለገና ሲልቨር ስፕሪንግ ስንሄድ መኪናዬን ወደ ኋላ ሳደርግ የቤቱን ፖስታ ሣጥን ገጨሁና ጣልኩት። አሁንስ ይሰድቡኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መስኮት ላይ ቆመው «እንዴት ያለ ነጂ ነው፣ ሣሩን እንኳ አልነካው» አሉ። እራቱ አልወርድልህ አለኝ።

ጸደይ መጣ። የውድድሩ ቀን ሰዉ ባርኔጣውን ደፍቶ ሜዳው ላይ ይበላል፣ ይስቃል። አምቡላንሱ ጥግ ይዟል። አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው በወንበር ተቀመጡ። እኔ ተመልካቹን ከሜዳው የሚከልለውን ገመድ ይዤ ቆምኩ። ጸሎት የማውቀውን ሁሉ ጨረስኩ።

መጨረሻው አጥር ላይ ከልጄ ፊት የነበረው ፈረስ ተደፋ። ይህን አይቻለሁ፤ ምነው ባላየሁ። ያ አጋሰስ ግን እርምጃውን አሳጠረ፣ በጎን ሸተት አለ፣ እግሩን ሰበሰበና የወደቀውንም አጥሩንም አልፎ ሄደ። ልጄ ላዩ ላይ ናት። የወደቁትም ብድግ ብለው ቆሙ። አራተኛ ወጣች። አራተኛ ሆነች አርባኛ፣ ለእኔ ምኔ ነው? በገመዱ ሥር ሾልኬ ሜዳውን በሩጫ ገባሁበት። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየ ነው» አለችኝ ከላይ ሆና። ስትወርድ እግሯን፣ እጇን፣ ሁሉን ነካክቼ ሙሉ መሆኗን ሳይ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ራሴን አሸተተኝ።

አማቴ በዘንጋቸው ቀስ እያሉ ደረሱ። የሺ ከኋላቸው ናት። ልጄን አዩና «ጦጣ» አሏት። ፈረሱን አዩና «አጋሰስ» አሉት። ከዚያ እኔ ላይ ቆሙ። አንድ እግሬ በካልሲ፣ ሱሪዬ ጭቃ፣ ፊቴ እንባ። ያቺን መልከ መልካም የምትል ነገር ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንትፍ» አሉ። «ይኼስ ምኑ ወንድ ነው? ፈሪ። ፈሪ ለእናቱ።»

የሺ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከሠርጌ ጀምሮ ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሁን ሰላም ነኝ። ፈረሱም አልተሸጠም፣ እኔም አልተሸጥኩም። ብቻ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ከአውቶቡስ ሲወርድ «ታንክ ዩ» የሚለኝን ተሳፋሪ በጥርጣሬ ነው የማየው።