ለጎረቤት የተረፈ ወተት

ጾመኛ ሰው እጁ ይፈታል ይባላል። የማይበሉትን መስጠት ምን ይከብዳል? እናንተም በጾም ዋዜማ የተረፈ ቅቤ ለጎረቤት ልካችሁ እንደ ትልቅ ምጽዋት ሳትቆጥሩት አልቀራችሁም። እኔን ያንገበገበኝ ግን ወተት ነው።

ደርግን ሸሽተን፣ ድንበር ተሻግረን ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ከገባን በኋላ አጎቴ ጋሼ በላቸው አንዲት ላም ገዙ። ባለፈው ክረምት ላሟን አስቀመጣት፤ ጸጉሯ ቆመ፤ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ እንደቋጠረ ከረጢት አበጠ። የሆድ ትል ነው ተባለና ከመሃል ከተማ መድኃኒት መጣ። ጋሼ ፍልሰታ እስኪገባ ጠብቀው አጠጧት፤ እኛ ወተት ስለማንጠጣ በጾም ቢያክሟት ይሻላል ብለው። እስከዚህ ድረስ አጨብጭቡላቸው።

ጠርሙሱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሻለሁና ከቤታችን እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ብቻ ነኝ። ልኩን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከታች ያለውን አልጠየቁኝም፤ ሰው ወተቷን ሦስት ቀን እንዳይጠጣ ይላል። እንደምንም ደፍሬ ይህንንም ነገርኳቸው።

«እኛ መች ልንጠጣው ነው?» አሉኝ። «ለማማ ዋንጂኩ ውሰጂላት። ልጆች አሏት።»

አያችሁልኝ? ማማ ዋንጂኩ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ትንሿ ልጇ ጡት የተወችው ገና አሁን ነው። ጋሼ ክፉ ሰው ቢሆኑ ወተቱን ለማንም አይሰጡም ነበር። መዘዙ ደግነታቸው ነው።

ጣሳውን ይዤ ወጣሁና አጥሩ ሥር ደፋሁት። ቀና ስል ማማ ዋንጂኩ ቆማ ታየኛለች።

«ለኛ ከምትሰጡ ለአፈር?» አለችኝ በስዋሂሊ።

እኔ ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰር ልጅ ነኝ። ከማውቀው ስዋሂሊ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ወጣችልኝ። ወደ ላሟ እያመለከትኩ «ዳዋ» አልኳት፤ መድኃኒት ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ጣቴን አሳየኋት። እሷም ከብት ካለበት ቤት ያደገች ናትና ወዲያው ገባት።

«ሦስቱ ቀን ሲያልፍስ ጾማችሁ ያልቃል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አያልቅም።

ሦስት ቀን ደፋሁ። በአራተኛው ቀን ንጹሑን ወሰድኩላት። እሷ ታዲያ የሐበሻው ሽማግሌ መድኃኒት የነካውን ወተት ሁሉ አስደፍቶ ንጹሑን ብቻ የሚሰጥ አዋቂ ነው ብላ ለመንደሩ አወራች። ጋሼ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ኋላ ተስማማቸው።

ዛሬ ላሙ የታመመችበት ሁሉ እየጎተተ እኛ ደጅ ይመጣል። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ወተቷን ሦስት ቀን ልጅ እንዳይቀምሰው» ብለው አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ።