የነጭ ዶሮ ጉዳይ

ዓይን አፋር ሰው ከመናገር ይልቅ መጻፍ ይቀለዋል። አፉ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ቃል ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምለታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወረቀት ከእጅ ከወጣ በኋላ በጸሐፊው ድምፅ አይናገርም፤ የራሱን ድምፅ ያወጣል። የእኔማ ጮኸ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሐረር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኜ ስመደብ፣ ከሰው ይልቅ መጽሐፍ የሚበዛበት ሥራ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ መጽሐፍ የሚያወጣውም ሰው ነው! በተለይ የተግባር ትምህርት መጻሕፍት፣ የእንጨት ሥራው፣ የባልትናው፣ የግብርናው፣ አንዴ ከወጡ መመለሻቸውን ይረሳሉ። ፊት ለፊት መጠየቅ ደግሞ ለእኔ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ለፈቲያ፣ ከግብርና ተማሪዎች አንደኛ ለነበረችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ በቁራጭ ወረቀት «እባክሽ የዶሮ እርባታ መጽሐፉን መልሺልን» ብዬ ጻፍኩ።

የታይፕ መምህሩ ጋሽ ታደሰ ወረቀቷን አይተው ሳቁብኝ። ማህተም የሚያርፍበት ወረቀት አይለማመጥም አሉ። ተማሪዎቻቸው መለማመጃ ስላጠራቸው በወጉ አስተካክለው እንደሚያስመቱልኝ ነግረውኝ ይዘዋት ሄዱ። ተመትቶ የመጣው ይህ ነበር፦ «ጉዳዩ፦ ስለሚፈለጉ። በእጅዎ ከሚገኘው መጽሐፍ ጋር በሦስት ቀን ውስጥ እንዲቀርቡ። ባይቀርቡ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል። አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!»

መከራከር ስለምፈራ ፈረምኩ። ማህተምም አደረግሁበት። እርምጃ ያሉት ለሁለት ሳምንት መጽሐፍ መከልከልን ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን ያ የደርግ ዘመን «ይፈለጋሉ» የተባለ ሰው ወጥቶ፣ ጫማው ብቻ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። «እርምጃ ተወሰደ» ማለትም የተራመደ ሰው አለ ማለት አልነበረም። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅስ «እርስዎ» ብሎ የሚጽፍ ከመንግሥት በቀር ማን አለ?

ሦስቱ ቀን አለፈ። መጽሐፉም ፈቲያም አልመጡም። የግብርና ፈተና ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፤ የቀረ ዓመቱን ይደግማል። ጓደኛዋን ብጠይቃት፣ ደብዳቤው ከደረሳት ጀምሮ አላየኋትም አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የጻፍኩት ነገር የገባኝ። ፋይሌን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ተነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ በግንቡ በር ጀጎል ውስጥ ገብቼ የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋረጥኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ፈሪዎች ቢገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የፈቲያን አባት አው ዩስፍን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ሐረር ደግሞ ትልቅን ሰው «አው» ብሎ ያከብራል። የቤታቸውን በር አንኳኳሁ። ሰውየው ከፍተው፣ እኔን ሳይሆን ብብቴ ሥር ያለውን ፋይል አዩ።

«ልጄ የለችም» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ወላሂ የለችም። እኔን ውሰዱኝ።»

ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስፈራ ኖሬ፣ እኔን የሚፈራ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ይላል የሚል ካለ አልሞከረውም። እንደምንም አፌን ከፍቼ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ነኝ፣ መጽሐፉን ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምንም የለም አልኳቸው።

«መጽሐፉን ነው እንጂ!» አሉ። «ጥፋቷ እዚያ ውስጥ መሆኑ እኛንስ መች ጠፋን!»

ለካ አው ዩስፍ ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ልጃቸውን ድሬ ጠያራ አክስቷ ዘንድ ሰድደው፣ መጽሐፉን ይዘው ተቀምጠዋል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በዚያው ዕውቀት የልጃቸው ጥፋት የቱ ጋ እንዳለ ሲፈልጉ፣ የዶሮ ምግቡን፣ የዶሮ በሽታውን፣ የዶሮ ቤቱን አንድ በአንድ አነበቡ። እኔ የማውቃቸው ምሁራን አንድም መጽሐፍ እንዲያ አላነበቡም። በመጨረሻም አገኙት። ገጹን ገልጠው በጣታቸው አሳዩኝ።

ፈቲያ ለፈተናዋ በእርሳስ አስምራበታለች፦ «ነጮቹ በሁሉም ረገድ ከቀዮቹ ይበልጣሉ።»

ስለ እንቁላል ነው! ነጭ ዶሮ ከቀይ ዶሮ የበለጠ ትጥላለች ነው ነገሩ። ግን በዚያ ዘመን፣ ቀይ ሽብርና ነጭ ሽብር ሲባል በከረመበት፣ ቀኝ የሚለው ቃል እንኳ ጸረ አብዮት በሚያሰኝበት አገር፣ ይህን ያሰመረች ልጅ ስለ ዶሮ ነው ብትል ማን ይሰማታል? ልስቅ አፌን ከፈትኩና ከግርጌው ያለውን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። መጽሐፍ እንዳይሰረቅብን ከሽፋኑ ሌላ አንድ የተወሰነ ገጽ ላይ ማህተምና ፊርማ እናደርጋለን፤ የእኛ ገጽ አሥራ ሰባት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያረፈውም ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ነው። ነጮቹ ከቀዮቹ ይበልጣሉ፤ ክብ ማህተም፤ የእኔ ፊርማ።

አው ዩስፍ ፊቴን አይተው ገባቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» ብለው ውኃ አመጡልኝ። አጽናኝ ልሆን ሄጄ ተጽናኝቼ ወጣሁ። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ ፈረስ መጋላ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ አስቁሞኝ ነጠላውን ገለጠ። ሽፋኑን አነበበና፣ ዶሮ እንዲህ ተወዶ መጽሐፉን ማን ያነበዋል ብሎ መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ገጽ መግለጥ የማይወድ ሰው ነበር።

ፈቲያ ለፈተናው ዋዜማ ከድሬ ጠያራ ተመለሰች። እኔም ለግብርና መምህሩ ነገሩን በሹክሹክታ አጫወትኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለካ ከነጭና ከቀይ ዶሮ የትኛዋ ትሻላለች የሚል ጥያቄ አውጥቶ ኖሯል። እዚያው ሰረዘውና በምትኩ፣ ማንንም የማያስቀይም ብሎ ያሰበውን ጻፈ፦ «ዶሮ ስንት እግር አላት?»

በማግሥቱ ከመምህሩ ጋር ፈታኝ ሆኜ ቆሜያለሁ። ፈቲያ እጇን አወጣች። ስታሾፍ ይሁን ፈርታ፣ ዛሬም ድረስ አላወቅሁም።

«መምህር» አለች፣ «የቀኙም ይቆጠራል?»

የሳቀ የለም። መምህሩ በሩን፣ እኔ መስኮቱን ዘጋን።