ለሽምግልና የተላከው ገጣሚ

አንድ መጽሐፍ አንብቦ ዕድሜ ልኩን የሚያወራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጋሽ ተካ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ፤ ያነበቡት የአንድ ዝነኛ እንግሊዛዊ ገጣሚ የሕይወት ታሪክ ነው።

ጓደኛዬ ዳዊት ሊያገባ ሲል ለሽምግልና ላካቸው። እኔም አብሬያቸው ፓርክ ሂል ሰፈር፣ የልጅቷ ወላጆች ቤት ሄድኩ። ጋሽ ተካ ቆመው ስለ ዳዊት ይናገራሉ ስንል ስለ ገጣሚው ጀመሩ። ግጥሞቹ አገር ማስለቀሳቸውን፣ ከዚያም ሰውየው ሚስቱን ጥሎ መኮብለሉን በዝርዝር አስረዱ።

የልጅቷ አባት ፊታቸው ጠቆረ።

«ለመሆኑ የእናንተም ልጅ ግጥም ይጽፋል?»

«ኧረ በጭራሽ! ነርስ ነው» አልኩ ቀድሜ።

«እንግዲያው ሰጥተናል!»

ጋሽ ተካ እስከ ዛሬ «ለዳዊት ሚስት ያገኘሁለት በገጣሚው ነው» ይላሉ። አልከራከራቸውም፤ እውነታቸውን ነው።