ሊቀ ሰባ ዘጠኝ ጋሼ ክንዱ

በየከተማው አንድ ዓመት ላይ የቀሩ ሰው አይጠፉም። ሌላው ሕዝብ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እየተሻገረ እዚህ ሲደርስ፣ እሳቸው አንዱ ዓመት ላይ ወንበር ስበው ቁጭ ብለዋል። ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብትሏቸው ለወጉ ያህል ይነግሯችኋል። ልባቸው ግን እዚህ የለም፤ ልባቸው ሜዳ ላይ ነው። ተሳስታችሁ "ከሁሉ የሚበልጠው የውድድር ዘመን የትኛው ነበር?" ያላችሁ ዕለት፣ አለቀላችሁ! ምሳችሁ ይቀዘቅዛል፣ ቀጠሯችሁ ያልፋል፣ እቤት ስትገቡም የት ዋላችሁ ተብላችሁ የምትመልሱት ታጣላችሁ።

የባሕር ዳሩ ጋሼ ክንዱ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ይሄን ይመስላል፦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል ፎርማን በጡረታ፣ የሹም አቦ ሰፈር ነዋሪ፣ የዜማ አባት፣ ሊቀ ሰባ ዘጠኝ። የመጨረሻዋን የጨመረላቸው ጎረቤታቸው ይትባረክ ነው። ይትባረክ ከስድስት ዓመት በፊት ከአዳማ መጥቶ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ከእሳቸው አጥር ጋር የተያያዘ ቤት የተከራየ ሰው ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሊያሾፍባቸው ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አንስተው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ተቀበሉት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው!

ሰባ ዘጠኝ ማለት የፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን የነገሠበት ዓመት ነው። ሸማኔው፣ ቀለም ነካሪው፣ ጥበቃው ሳይቀር ፈረቃውን ጨርሶ ማልያ ያጠልቅ ነበር። ሜዳው ሐይቁ ዳር ስለነበር ተከላካዮች ሲጨንቃቸው ኳሱን ወደ ጣና ይልኩታል። ያኔ ጨዋታ ይቆማል። ሃያ ሁለት ሰው ወገቡን ይዞ ይጠብቃል፤ አንድ የደንገል ታንኳ ወጣ ብሎ ኳሱን ያመጣና ይወረውርላቸዋል። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ገድሉ የሚባል ግራኝ ሸማኔ ከሩቅ መታና አገባ። ዋንጫው ባሕር ዳር ቀረ። ነገሩ በአጭሩ ይሄው ነው። ጋሼ ክንዱ ግን በአጭሩ ተናግረውት አያውቁም።

ገድሉ ከስንት ሜትር ነው ያገባው? ይትባረክ መጀመሪያ የሰማ ጊዜ ሠላሳ ሜትር ነበር። በዓመቱ ሠላሳ ስድስት ገባ። ባለፈው ጥምቀት ሃምሳ ሦስት ደርሷል። ይትባረክ የሒሳብ ሰው አይደል? አስልቶ፣ በዚህ አያያዝ ገድሉ ወደፊት ዘጌ ላይ ቆሞ ሐይቁን አሻግሮ እንደሚያገባ ደርሶበታል። ይሄንኑ ቢነግራቸው ጋሼ ክንዱ ቅንጣት አላፈሩም። "ገድሉን አላየኸውማ! እኔ እዚያ ነበርሁ!" አሉት።

"እኔ እዚያ ነበርሁ!" የጋሼ ክንዱ ማኅተም ናት። እሷ ካረፈች ክርክር ያበቃል። አንድ ሰው ፊት ካልሆነ በስተቀር።

ያ ሰው ጋሼ ኢብራሂም ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሠሩ፣ ያን ዘመን ሁሉ ኳሱን ከሐይቅ ያወጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ጋሼ ክንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ጋሼ ኢብራሂም ከመስጊድ መጥተው ሐይቁ ዳር ባለው የጋሼ ኢብራሂም ልጅ የራሂማ አሳ ቤት ይገናኛሉ። አሳ ቢላ አይሻም፣ ቢስሚላህም ስመ ሥላሴም አያጣላበትም፤ እና ሁለቱ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከአንድ ትሪ በሉ። የተጣሉት በሌላ ነው፤ የፋብሪካው ቡድን ከሁሉ የበለጠው በየትኛው ዓመት ነው በሚለው።

"ሰማንያ አራት!" ይላሉ ጋሼ ኢብራሂም ተቀምጠው እንኳ ሳይጨርሱ። "ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል!"

"ደካማ ደካማውን እየገጠማችሁ!"

ጋሼ ኢብራሂም ቆሮሶ አሳውን በቀስታ ይገለብጣሉ። መገልበጡ ራሱ ክርክር ነው። "ያንተ ገድሉ አላገባም። ያገባው ውሃው ነው። ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ነበር። እንደ ድንጋይ ከብዶ ነበር። እኔ ነኝ በእጄ ያወጣሁት። በረኛው ምን ያርግ? ኳሱ ከነእጁ ይዞት ገባ።"

"ከሃምሳ ሦስት ሜትር ውሃ ራሱን ይመታል? እኔ እዚያ ነበርሁ!"

"እኔስ የት ነበርሁ?"

ይትባረክ መሐላቸው ተቀምጦ ፍዳውን ያያል። አንዴ፣ ሞኝነቱ፣ "አንተ የሒሳብ ሰው፣ ፍረደና" ቢሉት ከልቡ መሰለው። የሁለቱን ዓመት ጎል፣ ነጥብና ሽንፈት ከሽማግሌው ሁሉ ጠይቆ፣ በሠንጠረዥ ሠርቶ መጣ። "ሰማንያ አራት በጥቂቱ ይበልጣል" አለ። ጋሼ ክንዱ መቆጣታቸው ይጠበቃል። ጉዱ ጋሼ ኢብራሂም ይበልጥ መቆጣታቸው ነው። "ምን አገባህ አንተን? ወረቀትህን አንሳልኝ፣ አሳው ላይ አታንዣብብ!" አሉት። ሠንጠረዡ የአሳ አጥንት መጠቅለያ ሆነ። ይትባረክ በዚያች እሑድ ሁለተኛ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም ብሎ ማለ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

ባለፈው ጥር ጋሼ ኢብራሂም አረፉ። ጠዋት ታመሙ ተባለ፣ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ጋሼ ክንዱ ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ መቃብሩ ሄዱ፤ ቁጥራቸው ከወንድም ነበር።

ከወር በኋላ አሳ ቤት ብቅ አሉ። ቤቱ ሁሉ ተነስቶ አስቀመጣቸው። ሰው መቼም ደግ ነው፣ ያዘነ ሰው አይከራከሩትም። "ሰባ ዘጠኝ..." ብለው ገና ሲጀምሩ፣ አንዱ "ልክ ነዎት ጋሼ" አለ። ሌላው "እሱን የሚያክል የለም" አለ። ይትባረክም፣ አፉን ይቁረጠውና፣ "ልክ ነዎት" አለ። ጋሼ ክንዱ ግራ ቀኝ አዩ። ሃምሳ ሦስት ሜትር አሉ፤ "እንዴታ!" ተባሉ። ስልሳ አሉ፤ አሁንም "እንዴታ!" ተባሉ። በመጨረሻ ራሂማ፣ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ "አባቴም እኮ በልቡ ሰባ ዘጠኝ ነው ይል ነበር" አለቻቸው።

ጋሼ ክንዱ የያዙትን አሳ ወደ ትሪው መለሱ። "ኢብራሂም እንዲህ አይልም" አሉና ተነስተው ሄዱ።

አራት እሑድ አልመጡም። ይትባረክ ግን አሳ ቤት ሄደ። ብቻውን ተቀምጦ በሰላም በላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው አንድ ቀን ዝም ባሉ እያለ የተመኘው ሰላም ይሄው መጣ፤ አሳው ግን አልወረደለትም። የነዚያ ሰዎች ጩኸት ናፈቀው። ከዚያም አልፎ ራሱ ሰባ ዘጠኝ ናፈቀው። ሳይወለድ ያለፈ ዓመት፣ ረግጦት የማያውቅ ሜዳ፣ አንዴም አይቶት የማያውቅ ግራኝ ሸማኔ ናፈቀው። ወይ ጉድ! ለካ ናፍቆትም ከጎረቤት ይጋባል።

በአምስተኛው ሳምንት የጋሼ ክንዱ ልጅ ዜማ አጥር ላይ ጠራችው። ዜማ ባንክ የምትሠራ፣ በትንሽ ነገር የማትደነግጥ ልጅ ናት።

"ይትባረክ፣ አባዬን ምን ላድርገው? እህል አይቀምስም። ኳስ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋዋል። ትናንት እንዲጫወት ብዬ፣ አባዬ፣ ገድሉ ከስንት ሜትር ነበር ያገባው አልሁት።"

"እሺ?"

"'እንጃ፣ ሃያ ይሆናል' አለኝ።"

"ሃያ?" ይትባረክ አጥሩን ያዘ። ከሃምሳ ሦስት ወደ ሃያ! ይሄ የሐኪም ጉዳይ ነው። "እሑድ በግድም ቢሆን አምጪልኝ" አላት።

እሑድ ዜማ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ጋሼ ክንዱ የድሮ ቦታቸው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አላወለቁም፣ ለመሄድ ያሰበ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው ያለው መቀመጫ ከጥር ጀምሮ ሰው አልተቀመጠበትም። ይትባረክ ሄዶ እዚያ ቁጭ አለ። ራሂማ አየችው፤ የአሳውን ትሪ አምጥታ መሐላቸው አስቀመጠች።

"ጋሼ" አለ ይትባረክ። "ሰማንያ አራት ይበልጣል።"

አንዱ ደንበኛ "ኧረ ነውር ነው፣ ኧረ ተው አንተ ልጅ" አለ።

"ምን አልህ?" አሉ ጋሼ ክንዱ።

"ሰማንያ አራት። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዘጠኝ ድል።"

"ደካማ ደካማውን እየገጠሙ!" አመለጣቸው። በገዛ ድምፃቸው እሳቸውም ደነገጡ።

ይትባረክ ልብ አገኘ። "ገድሉም ቢሆን በዕድሉ ነው ያገባው።"

"አይደለም!" ጋሼ ክንዱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "እንዲህ አይደለም የሚባለው! ኢብራሂም 'በዕድል' ብሎ አያውቅም። ስትከራከር በወጉ ተከራከር እንጂ! መጀመሪያ አሳውን ገልብጥ።"

ይትባረክ አሳውን ገለበጠ።

"ቀስ ብለህ! ምን ያጣድፍሃል? እንዲያ! አሁን፣ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ነበር በል።"

"ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ነበር።"

"ቀጥል።"

"እንደ ድንጋይ ከብዶ ነበር።"

"ከዚያስ?"

ይትባረክ የቀረችውን ቃል ያውቃታል፣ ሦስት መቶ ጊዜ ሰምቷታል። "ጋሼ፣ ይቺን እንኳ እኔ ልላት አይገባኝም። ያን ጊዜ እኮ አልተወለድኩም።"

"በላት!" የጋሼ ክንዱ ዓይን ሞልቷል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። "በላት አልሁህ። ሌላ የሚላት የለኝም።"

ይትባረክ ወደ ሐይቁ ዞረ። ከዚያ መለስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እኔ ነኝ በእጄ ያወጣሁት!" አለ።

"ውሸታም!" ጋሼ ክንዱ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት፤ ትሪው ዘለለ። "ዓይንህን በጨው አጥበህ! ሃምሳ አራት ሜትር ነው! ከሃምሳ አራት ሜትር ውሃ ራሱን ይመታል? እኔ እዚያ ነበርሁ!"

"እኔስ" አለ ይትባረክ፣ "እኔስ የት ነበርኩ?"