ጠቆር ያለ ማኪያቶ ለጋሼ ብርጋ

ማኪያቶ የውጭ ሰው ነው። በየቤታችን ቡናው እንደ ልብ ይፈላል፣ ወተቱም ከጎረቤት ላም አይጠፋም። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ብርጭቆ ውስጥ እንዲቀመጡ ግን ከቤት መውጣት፣ ፀጉር ማበጠር፣ ጫማ ማስጠረግ የግድ ነው። ለምን ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቡታጅራ ውስጥ አሥር ሰዓት ሲሆን አስፋልቱ ዳር ባሉት በረንዳዎች የሚደረደረውን ወንድ ያየ እንግዳ፣ ከተማው ውስጥ ምድጃ ያለው ቤት የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው። አንዱ "ነጣ ይበል" ይላል፣ አንዱ "ጠቆር አድርጊው" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "መካከለኛ፣ ግን ወደ ጠቆር የሚያደላ" ብሎ አስተናጋጇን ያስጨንቃል። ቤቱ ውስጥ መጋረጃው ምን ቀለም ይሁን ተብሎ የማይጠየቅ ሰው፣ እዚያች ወንበር ላይ ሲቀመጥ አንድ ነገር ልክ እሱ እንዳለው ሆኖ ይቀርብለታል። ይህን በቀላሉ አትዩት።

አማቴ ጋሼ ብርጋ ይህን በቀላሉ ከማያዩት ሰዎች ዋናው ናቸው። ዕድሜያቸውን መርካቶ ነግደው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከልጃቸው ከምሕረት ጋር፣ ማለትም ከሚስቴና ከእኔ ጋር፣ ይኖራሉ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአንድ ካፌ፣ ከአንድ ወንበር፣ አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ይጠጣሉ። ዝናብ ሆነ፣ ሰርግ ሆነ፣ ለቅሶ ሆነ፣ አይቀርም። አንድ ቀን ግን ዝናብ ያረጠበው የግቢያችን ደረጃ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሙ እስከ ጉልበታቸው ጄሶ አስሮ፣ "ሁለት ወር መሬት እንዳይነካ" ብሎ ሸኛቸው።

ሕመሙን ቻሉት። ያልቻሉት አሥር ሰዓትን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ቀጥሎ ምሳ መተው ጀመሩ። በመጨረሻ ስልክ አንስተው አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ለሳሙኤል ደወሉ። ሳሙኤል የሚኖርበት ፎቅ ከሥሩ ካፌ አለው፤ ሊፍትም አለው። "ቅዳሜ በመኪና መጥቼ እወስድሃለሁ፣ አባዬ" አላቸው። ምሕረት ኩሽና ገብታ ሽንኩርት ሳትከትፍ አለቀሰች።

"አባቴ ለማኪያቶ ብሎ ከቤቴ ሊወጣ ነው?" አለችኝ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። እኔም ሳላስበው "የት ይሄዳሉ? እኔ እሠራላቸዋለሁ" አልኩ። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በአፌ ጀመርኩት። ለነገሩ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ እንሴኖ ድረስ እየወረድኩ ስለ ወተት አያያዝ ገበሬ አሠለጥናለሁ። ጋሼ ብርጋም "ባለሙያው" ነው የሚሉኝ። አጠራራቸውን ብትሰሙት ግን ሙገሳ ይሁን ሐዘኔታ አይለይላችሁም።

ማክሰኞ ቀላሉን መንገድ ሞከርኩ። ከራሳቸው ካፌ በፔርሙስ አስቀዳሁና በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። የሰፈራችን ኮረት መንገድ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። ፔርሙሱን ስከፍት አረፋው የለም። እኔ ደግሞ ጥፋቴን ላሳምር ብዬ በሲኒ ቀዳሁት። ጋሼ ብርጋ ሲኒውን አይተው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሲኒው ተመለከቱ። "ይሄማ ቡና በወተት ነው" አሉና መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጠጅ በብርሌ ከሆነ ማኪያቶም በብርጭቆ ነው። ሰው ከመጠጣቱ በፊት ጥቁሩና ነጩ ተራ ይዘው ሲቆሙ ማየት አለበት።

ረቡዕ ከሥራ ባልደረባዬ ያቺን ባለ ሁለት ፎቅ የጣሊያን ቡና ማፍያ ተዋስኩ። ቡናው ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ሽሮ ተንፈቅፍቆ ወጣ። ቀረ አረፋው። ስልኬ ላይ አንዲት ልጅ ወተት በጠርሙስ ስትንጥ አይቼ፣ ይህችማ ምን ትከብዳለች ብዬ ወተቱን ሦስቴ አገንፍዬ በሃይላንድ ጨመርኩት። ሃይላንዱ እጄ ላይ ተኮማትሮ ተጣመመ። ሐሙስ የማርማላታ ጠርሙስ አመጣሁ። እሱ አልተጣመመም። ሁለቴ ስወዘውዘው ክዳኑ ተፈናጥሮ ወተቱ ኮርኒሱ ላይ ወጣ።

"ባለሙያው!" አሉ ጋሼ ብርጋ ከአልጋቸው ሆነው፤ "ቤቱን ቀለም እየቀባህልን ነው?"

ሻንጣቸው በዚያ ቀን በር አጠገብ ተቀመጠ። ምሕረት ሻንጣውን አየች፣ ኮርኒሱን አየች፣ ከዚያ በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ሚስት እንዲህ ስታልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤታችን እማማ ከድጃ በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። እማማ ከድጃ ቡታጅራ ገበያ ላይ ቅቤያቸው ሳይቀመስ የሚሸጥ ሴት ናቸው። እኔን ጓሮ ውስጥ ጠርሙስ ታቅፌ፣ እጄ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ፊቴን አዙሬ ስነቀነቅ አገኙኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?"

"ወተት እየናጥኩ ነው፣ እማማ።"

"በአላህ! የፈላ ወተት ይናጣል እንዴ? ተቆጥቶብሃል እኮ።"

ወተት ሳይፈላ ቢጠጣ ስለሚያመጣው በሽታ ለእንሴኖ ገበሬዎች የምሰጠውን ሥልጠና ጀመርኩላቸው። እስከ መግቢያው ብቻ ታገሡኝ።

"አፍላው። ማን አታፍላ አለህ? ከዚያ ተወው፣ ይረፍ። ጣትህ ሲችለው ያኔ ናጠው። አፉ ድረስም አትሙላ፤ ወተትም መተንፈሻ ይፈልጋል። ደግሞ አትየው፣ ስማው። መጀመሪያ ይንቦጫቦጫል፤ ኋላ ድምፁ ይወፍራል። ሲወፍር እጅህን ሰብስብ።"

ዲግሪዬን ይዤ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አልኩ። ጠርሙሱን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ናጥኩ። ተንቦጫቦጨ። ተንቦጫቦጨ። ከዚያ እንዳሉት ድምፁ ወፈረ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሰው ያንሾካሾከ መሰለኝ። ክዳኑን ስከፍተው አረፋው ቆሟል። በማንኪያ ጨልፌ ባዘነብለው እንኳ አይፈስም። እማማ ከድጃ "ማሻአላህ" አሉና በሽተኛቸውን ሊጠይቁ ገቡ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ፣ አረፋዬን እያየሁ።

ቅዳሜ ሳሙኤል እኩለ ቀን ላይ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ። "ሳይመሽ ብንወጣ" ይላል። ምሕረት ምሳውን አቀረበች፣ ጨመረች፣ ደገመች፣ ፍራፍሬ አመጣች፤ አሥር ሰዓት እስኪሞላ ወንድሟን በጉርሻ አሰረችው። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ወተቱን አፍልቼ እንዲያርፍ ተውኩት። ቡናው ሲደርስና የወተቱን ሙቀት ጣቴ ሲችለው፣ በረንዳው ላይ እግራቸውን በበርጩማ ወደ ሰቀሉት ሽማግሌ ሄድኩና ጎንበስ አልኩ።

"ጋሼ፣ ምን ይምጣ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ከተሰበሩ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም እንጨምርልዎ፣ ይብሉ፣ ይዋጡት ነበር የምንላቸው።

"ጠቆር ያለ" አሉ ቀስ ብለው።

አመጣሁ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ነጩን፣ ጥቁሩን፣ እንደገና ነጩን መረመሩ። አንድ ማንኪያ ስኳር አረፋው ላይ አደረጉና ጠበቁ። ይህ ፈተና መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ስኳሩ ወዲያው ከሰመጠ አረፋ የለም ማለት ነው። ስኳሩ ቆመ። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ቆይቶ ቆይቶ፣ በክብር፣ ወረደ። ፉት አሉ። ደገሙ። ጺማቸው ነጣ። ብርጭቆውን ባዶ አድርገው አስቀመጡት።

"ሳሚ።"

"አቤት፣ አባዬ።"

"ሻንጣዬን ወደ ውስጥ መልሳት።"

ምሕረት እልል አለች። እኔ ኮራሁ። ምን አስዋሸኝ? ስመረቅም፣ ስዳርም እንደዚያ አልኮራሁም። ሳሙኤል አባቱንና ባዶውን ብርጭቆ ተራ በተራ ካየ በኋላ ሻንጣውን መለሰ፤ ሲመለስም "ለእኔ ነጣ ያለ" አለ።

ሁለት ወሩ አልቆ ጄሶው በተፈታ ማግስት፣ ጋሼ ብርጋ አሥር ሰዓት ሲል ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከግቢ ወጡ። በመስኮት አየናቸው። ወደ አስፋልቱ ታጠፉ። ምሕረት "እንግዲህ ሰው የለመደውን አይተውም" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። እኔም ጠርሙሴን አጥቤ ደፋሁት። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ጋሼ ብርጋ ወረዱ። ከኋላቸው አንድ ሽርጥ ያሸረጠ ጎልማሳ ወረደ፤ የካፌው ባለቤት ነው፣ ሥራውን ጥሎ።

"ማኪያቷቸውን ግማሹን ትተው ተነሡ" አለኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። "ስንት ዓመት ስቀዳላቸው ጠብታ አስተርፈው አያውቁም። እቤት ይሻላል አሉኝ። ምን እንደምታጠጣቸው ልየው ብዬ ነው።"

አስቀመጥኩት። ምን ይምጣ አልኩት። ሠራሁለት። ስኳሩን አረፋው ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ ፉት አለ፣ የማርማላታውን ጠርሙስ ትኩር ብሎ አየ፣ እጄን አየ፣ እንደገና ፉት አለ። ብርጭቆውን ባዶ አድርጎ በርጩማው ላይ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ድገመኝ" አለ።