እትዬ ሳጥን ስልክ ያዙ

ለራሱ ቅንጣት የማይጠይቅ፣ ለሌላው ሲለምን ግን የሰው በር የሚገነጥል አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰፈር አልሆነም።

በልብስ ሰፊው ሰፈር ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ክብርት እትዬ ሳጥን ነበሩ። ስሙን ያተረፈላቸው ከብብታቸው የማይለየው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው መጦሪያ የሚኖሩ አሥራ ሁለት አረጋውያን የሚበሉት ከዚያ ሳጥን ነበር። «ያለህን እንጂ የሌለህን መች አልኩህ!» እያሉ ሠርግም ለቅሶም ላይ ያንቃጭሉታል። ጥርሳቸውን ሊነቀሉ አፋቸውን ከፍተው ሳለ እንኳ፣ በዓይናቸው ወደ ሳጥኑ እየጠቀሱ ሐኪሙን አስከፍለውታል ይባላል።

ልብስ ሰፊው ታዲያ ኮቴያቸውን ሲሰማ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተደበቀ።

«የለም እኮ እትዬ» ትላለች ሚስቱ።

«ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እሰይ! ካፖርቱም ጫማ ማድረግ ጀምሯል» ብለው ይሄዳሉ።

ዘመን ተለወጠ። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ስልኩ ውስጥ ከተተ፤ ዱሮ ውሸት የነበረው «ዝርዝር የለኝም» እውነት ሆኖ አረፈው። ሳጥኑ ድምፁ ጠፋ። ወሩ ሲያልቅ የመጦሪያው ማእድ ቤት እንደሚዘጋ፣ አረጋውያኑም እንደሚበተኑ ተነገረ።

እትዬ ሳጥን አላለቀሱም፤ ስልክ ገዙ። የእህታቸው ልጅ የሰፈሩን ሰው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ሰብስባ፣ ድምፅ መላክ አስተማረቻቸው። እሳቸውም ለእሷ ብቻ ያሉትን በስሕተት ለሰፈሩ ሁሉ ላኩት፦

«ስሚ ልጄ፣ መምህሩን ደጋግመሽ ወትውቻቸው፤ ካልተጎተቱ አይሰጡም፣ ከሰጡ ግን አይሰስቱም። ባለሱቋን አመስግኛት፣ ምስጋና ነፍሷ ነው። የልብስ ሰፊውን ስም ግን ከሰጪዎቹ መዝገብ አውጪልኝ። ሥራ ቀዝቅዞበታል፤ ሰው ፊት አይሳቀቅብኝ። እኔስ ደጁን የምረግጠው ለገንዘብ መሰለሽ? ደኅንነቱን ልጠይቅ ብዬ ነው እንጂ።»

ልብስ ሰፊው መልእክቱን ሦስት ጊዜ አደመጠው። ለማኝ መስለውት የሸሻቸው፣ ለካ ጠያቂው ነበሩ።

ሰፈሩም ሰምቶ ዝም አላለም። መምህሩ «ማን ነው የሚጎተተው!» ብለው በቁጣ ሰጡ። ባለሱቋ ሳትመሰገን ቀደመች። በማግሥቱም የልብስ ሰፊው ደጅ ሱሪ በሚያሳጥር፣ ኮሌታ በሚያስገለብጥ፣ ቁልፉን ሆን ብሎ በበጠሰ ሰው ተሞላ። ማእድ ቤቱ ሳይዘጋ ወሩ አለቀ።

እትዬ ሳጥን ግን ባመለጣቸው ቃል አፍረው ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ስልኩን አነሳ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እትዬ፣ የአረጋውያኑን አንሶላ እየሰፋሁ ነው፤ የአሥራ ሁለቱንም። እባክዎ ስሜን ይመልሱልኝ።»

እሱም የላከው ለሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ እሱ ግን አልተሳሳተም።