የስቶርም ጸሐፌ ትእዛዝ

አቶ ወንድማገኘሁ አምደሚካኤል ቅጣው ራሳቸውን በጸሐፌ ትእዛዝነት የሾሙት ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ማርች 14 ቀን 1998። ሿሚውም ተሿሚውም እርሳቸው ስለ ነበሩ ሥነ ሥርዓቱ አጭር ነበር።

ስደተኛ በሰፈረበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይታጣም፤ አገሩን ከአገሬው አስበልጬ አውቃለሁ የሚል፣ ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ የተጠየቀውን ግን «እሱን ቆይተን እንደርስበታለን» ብሎ የሚያልፍ። የእኛው ሰው በሜልበርን ከተማ፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ውስጥ፣ ከመንግሥት ሕንጻዎች በአንደኛው፣ ዐሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር።

ሜልበርን እንግዳን የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማን ደጋፊ ነህ? ሃይማኖትህን ለመጠየቅ የሚያፍር ጎረቤት ክለብህን ለመጠየቅ አያፍርም። አገሬው ክለቡን ከአያቱ ይወርሳል፤ ከክለቦቹም መቶ ዓመት የደፈኑ ብዙ ናቸው። አቶ ወንድማገኘሁ ዳንደኖንግ በሚሠሩበት ፋብሪካ፣ በሻይ ሰዓት፣ ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ በፈገግታ ብቻ ሲመልሱ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ስቶርም፣ ማለትም ዐውሎ ነፋስ፣ የሚባል አዲስ የራግቢ ሊግ ክለብ በከተማዪቱ ተቋቋመ። ጨዋታው ከሲድኒ ወገን የመጣ ነው፤ እንቁላል መሰሉን ኳስ ታቅፈው ይሮጣሉ፤ በእጅ ሲቀባበሉ ግን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ሜልበርን በቅጡ አታውቀውም። አቶ ወንድማገኘሁም አያውቁትም ነበር። ሆኖም ጋዜጣውን አጥፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይኼ ክለብ ከእኔ በኋላ የመጣ ነው» አሉ። «እንግዲህ ታላቁ እኔ ነኝ።»

ታላቅ ደግሞ ታሪክ ይጽፋል። በአገር ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩት ሰው ትልቅ ደብተር ገዝተው፣ እንደ ነገሥታቱ ዘመን ዜና መዋዕል ጀመሩ። «በዕለተ አቦ ስቶርም ወደ ወሎንጎንግ ዘመተ፤ ድልም አድርጎ በሰላም ተመለሰ» ይላል የመጀመሪያው ገጽ። አምበሉን ራስ፣ አሠልጣኙን ቢትወደድ፣ በግራና በቀኝ ክንፍ የሚሮጡትን ግራዝማችና ቀኛዝማች አሏቸው። እንግዳ ምሳ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ንባቡ ይጀመራል፤ ጥቂት እንግዶች እጃቸውን ሳይታጠቡ መሄድን መርጠዋል።

ደብተሩ ግን አንድ ነውር ነበረበት፤ በእርሱ ውስጥ ስቶርም ተሸንፎ አያውቅም። ክለቡ በተሸነፈበት ሳምንት «በዚያም ሰንበት ብርቱ ዝናም ዘነመ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላ ቃል የለም። ይህ የነገሥታቱ ጸሐፊዎች ልማድ ነው ብለው የጡረታ መምህሩን እኔን ቢከራከሩኝ፣ ስሕተት በዕድሜ ብዛት እውነት አይሆንም ብዬ መለስሁላቸው። አልሰሙኝም።

ነገሩ የከፋው በ1991 መጨረሻ ነው። ለዋንጫ ከሚያደርሱት ግጥሚያዎች በመጀመሪያው ስቶርም በሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 34 ለ 10 ተሸነፈ። ደብተሩ ዝናም ዘነመ አለ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ራሄል፣ ጨዋታውን ያላየች፣ የአባቷን ንባብ ብቻ የምታምን፣ ትምህርት ቤት ሄዳ «ስቶርም ተሸንፎ አያውቅም» ብላ ተከራከረች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቷ ደብተሩን ሲከፍቱ ተነሥታ ትወጣለች፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እናቷ እትዬ አጸደ እኔንና የሁላችንን ታላቅ ጋሼ መርጋን ለሽምግልና ጠሩን።

«ጠጪ አይደለም፤ ቁማርተኛም አይደለም» አሉን። «ልጄ ግን አባቷን ማመን ትታለች። ከዚህ ወዲያ ምን በደል ላምጣላችሁ?»

ጋሼ መርጋ ፈረዱ፤ ወይ ሽንፈቱ ይጻፋል፣ ወይ ደብተሩ ይዘጋል። አቶ ወንድማገኘሁ ደብተሩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«መሸነፉንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «አገሬን ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ የሚያሸንፍ ነገር ልጻፍ ብዬ ነው።»

ፍርዱን ግን ተቀበሉ። የመጀመሪያው ሽንፈት ከውድድሩ የሚያሰናብት አልነበረምና ስቶርምም ቀጣዮቹን ግጥሚያዎች አሸንፎ ለዋንጫ ደረሰ፤ ባላጋራው ያው ሴንት ጆርጅ ኢላዋራ ሆነ።

ዕለቱ እሑድ፣ መስከረም 15 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ የደመራ ዋዜማ ነበር። የፍርዱን አፈጻጸም ለመከታተል ብለን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። እኩሌታው ላይ ሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 14 ለ 0 ይመራ ነበር። አቶ ወንድማገኘሁ ደብተሩን ከፈቱ፤ ብዕራቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ራሄል የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ውጭ ፀሐዩ ፎቆቹን ብርሃን አልብሷቸዋል።

«አባዬ» አለች፣ በአማርኛ። «ዝናብ የለም።»

ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። «በዚህም ቀን፣ እስከ እኩሌታው ድረስ፣ ስቶርም ዐሥራ አራት ለባዶ ተመራ» ብለው ጻፉ፤ ጮክ ብለውም አነበቡት። ራሄል መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የቀረውን በወጉ ለመተረክ እቸገራለሁ። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ውጤቱ 18 ለ 14 ደረሰ፤ አሁንም ስቶርም ከኋላ ነው። አንድ የስቶርም ልጅ ኳሱን ከመስመሩ ማዶ ሊቀልብ ሲዘል ራሱን ተመታ፤ ዳኞቹም ባይመታ ኖሮ ያገባ ነበር ብለው አራቱን ነጥብ ሰጡት። አቻ ሆኑ። ከዚያ ተከትሎ በሚሰጠው ምት ኳሱ በቋሚዎቹ መካከል አለፈ፤ ሃያ ለዐሥራ ስምንት። አርባ ዓመት ሕፃናትን «ተቀመጡ» ስል የኖርሁት እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ተገኘሁ።

ራሄል ጣቷን ዐሥራ አራት ለባዶዋ ላይ አድርጋ፣ ትሰረዝ እንደ ሆነ ጠየቀች።

«ትቆይ» አሉ አባቷ። «ያለ እሷ ድሉ አያምርም።»

በተከታዮቹ ሳምንታት በየዝናሙ ሥር እውነተኛው ውጤት ተጨመረ፤ ራሄል ቁጥሩን ከቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ እየፈለገች፣ አባቷ እየጻፉ። ንባቡ አሁንም እጅ ሳይታጠቡ ይጀመራል። እኔም በየእሑዱ እገኛለሁ፤ ሰዋስዉን ለማረም ብቻ ነው።

አቶ ወንድማገኘሁ አምደሚካኤል ቅጣው የሜልበርን ስቶርምን ታሪክ፣ ከመጋቢት 5 ቀን 1990 እስከ መስከረም 15 ቀን 1992 ዓ.ም. ድረስ፣ በአማርኛ ጽፈዋል፤ ሽንፈቶቹም አሉበት።